ያመመዎት ነገር ካለ

«ጥሩ በሽተኛ ማለት እንደ አጎቴ ቡንቶም ነው። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ስሞታ እንኳ አላሰሙም።»

ይህን ያለችው ሲስተር ኦራታይ ናት፤ አጎቴ የምትለው ለአክብሮት ነው እንጂ ቡንቶም የኔ አባት ነው። የነገረችውም ለአባቴ ሳይሆን፣ አራተኛ ፎቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ተራ ለሚጠብቁት ሌሎች በሽተኞች ነበር፤ እኔ ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። «ሁሉም እንደሳቸው ቢሆን ኖሮ ይሄ ጥናት ድሮ ባለቀ ነበር» ብላ ጨመረችበት። በሽተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸጉጦ፣ ጎበዝ እንደተባለ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እጆቹን ለምን እንደሸጎጣቸው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የአውራ ጣቶቹ ጥፍሮች ከሥራቸው እየተነሱ ነው። ሰው ሆስፒታል የሚመጣው አመመኝ ሊል ነው ወይስ አላመመኝም ብሎ ሊሸለም?

እኔም ብሆን ነገሩ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ሁዋይ ኩዋንግ ሰፈር፣ መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ፣ ከአባቴ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ከደረጃው ሥር ደግሞ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያለው ፀጉር ቤቱ አለ። ፀጉር መቆረጥ ሰማንያ ባህት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጋ ያልጨመረው «ደንበኞቼን በምን ዓይኔ አይቼ እጨምርባቸዋለሁ» እያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጠዋት ኪኒኖቹን በባዶ ሆዱ ሊውጥ ተነሳና ፔርሙዙን ዘንበል አድርጎ ረጋ ብሎ ፍል ውሃ ቀዳ፤ ከብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ። ውሃው ወርዶ እግሩ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ አላወቀም። «ብርጭቆው ተንሸራተተ» አለኝ። ብርጭቆው የትም አልሄደም። ያን ጊዜ የባለፈው ሳምንት ነገር ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ደንበኛው የሆኑ አንድ ጡረተኛ ፖስታ አመላላሽ ጆሯቸውን በመቀስ ቆርጧቸው ነበር። ሰውየው ጆሯቸውን በሶፍት ያዙና መቶ ባህት አስቀምጠው፣ መልስ ሳይቀበሉ፣ እጅ ነስተው ወጡ። አባቴም ይቅርታ ለማለት እንኳ አፍሮ ወለሉን ደጋግሞ ሲጠርግ ዋለ። የተቆረጠውም ዝም፣ የቆረጠውም ዝም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ለኛ አገር ሰው ከካንሰሩ የባሰ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣሁት። ሆስፒታሉ የሰጠው ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው። ኪኒኑ የተዋጠበት ሰዓት፣ ስንት እንደተዋጠ፣ ከታች ደግሞ «ያመመዎት ነገር ካለ ይጻፉ» ይልና አራት ባዶ መስመሮች። አባቴ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ሃያ ስምንት ጊዜ «ምንም የለም» ብሎ ጽፏል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ጽሑፉ ከመስመሩ እየወጣ ሽቅብ ይሄዳል። የዛሬውን የጻፈው እግሩ ላይ የፈሰሰው ውሃ ሳይደርቅ ነው። ደብተሩን አጥፌ መለስኩት። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር፤ ምን ያህሉ እንደሚታየው እንጃ።

በሽታው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ነው። እኛ የሰሜን ምሥራቅ አገር ሰዎች ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ለውሰን በልተን ያደግን ሁሉ የምንፈራው ነው፤ ከዓሣው ጋር የሚገባ ትል አለ ይላሉ። ሲደረስበት ጉበቱን ወርሶት ነበር። ቀዶ ጥገናው አይሆንም ተባለ፣ በደም ሥር የሚሰጠውም መድኃኒት አልፈየደለትም። ዶክተር ፓኮርን ናቸው ይህን ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ ያለው ኪኒን ያመጡለት። ካንሰሩ የሚያድግባትን አንዲት የተበላሸች ነገር ለይቶ እሷን ብቻ ያጠፋል፣ ሌላውን አካል ብዙም አይነካም አሉን። ገና በሰው ላይ መሞከሩ ስለሆነም እንደ ደረጃ ነው የምንወጣው ብለው ወረቀት ላይ ደረጃ ሣሉልን። መጀመሪያ ሦስት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ኪኒን ይወስዳሉ። ሃያ ስምንት ቀን ደህና ከሆኑ ቀጣዮቹ ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሌሎች ሦስት ሰዎች ሦስት ሦስት። አባቴ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። አብረውት የጀመሩት ሁለቱ ጨርሰዋል፤ የሚቀረው የሱ ሃያ ስምንተኛ ቀን ነበር። ኪኒኑ ደግሞ ሠርቶለታል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሌሊት ሌሊት ቆዳውን የሚያስቧጭረው ማሳከክ ጠፍቷል፣ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ የነበረው ፊቱ ወደ መልኩ ተመልሷል፣ በሳምንቱ ሩዝ ድገሚኝ ብሎኛል። እኔ ይህን ያየሁ ልጁ ነኝ፤ ከዚህ ኪኒን ወጣ ቢሉኝ አብሬው የምሞት ይመስለኛል።

ወንበራችን አጠገብ ቶንግባይ የምትባል ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ሰባት፣ ሥራዋ የተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት፣ በሽታዋ የአባቴው ዓይነት። ከአራተኛው ደረጃ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የአባቴ ቀን በሰላም ከተዘጋ ከሰዓት በኋላ አራት ኪኒን መዋጥ ትጀምራለች። በቅርጫት ከያዘችው ተጣባቂ ሩዝ ቆንጥራ ሰጠችንና የአባቴን ሸሚዝ እያየች፣ «አጎቴ፣ ይቺ ቁልፍ እኮ ልትወድቅብዎት ነው» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። መርፌዋን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ክሩን ባንድ ጊዜ አሾለከችውና ሸሚዙን ከላዩ ላይ ሳታወልቀው ቁልፏን ተከለችለት። አባቴ መርፌዋ ያለችበትን አቅጣጫ እያየ ነበር።

«ኪኒኑ ከበድ ይላል እንዴ አጎቴ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔ ፈሪ ነኝ።»

«ምንም የለውም» አላት። «እንደ ከረሜላ ነው።»

«እፎይ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ባሌን አይዞህ አልኩት። ይኸውና ሰው አለ፣ ወስዶ ደህና የሆነ ሰው አለ አልኩት።»

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። አባቴን ክንዱን ይዤ የፎቁን ደረጃ ጥቂት አወረድኩት። ሰው አለመኖሩን አየሁና ጣቶቼን ፊቱ ላይ ዘርግቼ «ስንት ነው?» አልኩት።

«ልጅ አትሁኚ፣ ሳና።»

«ስንት ነው አባዬ?»

ጣቶቼን በእጁ ዳብሶ ወደ ታች አወረዳቸው። «መሃል ላይ አመድ የመሰለ ነገር አለ» አለኝ። «ዳር ዳሩ ደህና ነው። ከጠዋት ይልቅ ማታ ይሻላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስምንተኛው ቀን።»

ለምን አልተናገርክም አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እጄን ጫን አደረገው። በሙከራው ሁለተኛ ደረጃ የነበረውን ታክሲ ነጂ አታስታውሽም ወይ አለኝ። ጥፍሬ እየወለቀ ነው ብሎ ለሲስተር አሳያት፣ በሳምንቱ ከሙከራው ወጣ፣ በወሩ ሞተ። የተናገረ ይባረራል። ደግሞስ ዶክተሩ ዝርዝሩ ሞልቷል ሲባል ለምነው ያስገቡት ሰው ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ የነሱት ሰው ናቸው፤ አሁን መድኃኒትዎ አሳወረኝ ብሎ ፊታቸውን ያጥቁረው? «ሆድ ይፍጀው ልጄ» አለኝ። «ዓይን ለምኔ ነው፣ ከቆየሁ በቃኝ።»

«እሷስ?» አልኩት። «አራት እኮ ነው የምትወስደው። በመርፌ ነው እንጀራዋ።»

አዲስ የተተከለችውን ቁልፍ በጣቱ ይዞ ያሽከረክራት ነበር፤ ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ ዳብሶ አንድ አንድ እያለ ወጣ።

ሲስተር ኦራታይን ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ዓይኑ አያይም፣ ጥፍሩ እየለቀቀ ነው፣ ምንም የለም የሚለው ስለሚፈራ ነው አልኳት። ሰማችኝ። ሰማችኝና ፋይሉን ዘጋች። «እህቴ፣ እኔ የምመዘግበው በሽተኛው ያለውን ነው» አለች። «በገዛ እጃቸው ምንም የለም ብለው ጽፈዋል። አንቺ ስለሳቸው ልትጽፊ ነው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በወዳጅነት መንገድ፣ «ደግሞ አስቢው። አባትሽ ከመድኃኒቱ ቢወጡ ደስ ይልሻል?» አለችኝ። ጥፍሩን አይታው ታውቃለች! በየሳምንቱ ደም ስትቀዳው እጁን የምትይዘው እሷ አይደለች እንዴ? ሐሙስ ዕለት የመድኃኒቱ ባለቤቶች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ኮሪደሩ በሙሉ ቀለም ሸትቷል፣ መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ጋር አራተኛውም ደረጃ ተከፍቶ እንዲጠብቃቸው ነው የተፈለገው። ሌላ ምን ልበል? የአንድ ፀጉር ቆራጭ ዓይን ከመጋረጃ አነሰ።

የቀረው የዓይን ምርመራ ብቻ ነበር። ዓይን ውስጥ ገብቶ ፎቶ የሚያነሳው መሣሪያ ላይ «ለጥገና» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን የቁጥር ሰሌዳ ማንበብ ይበቃል ተባለ። መርማሪው መነጽር ያደረገ፣ ላብ የማይለቀው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ለሙቀቱ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ከአባቴ በፊት አምስት ሰዎች ገቡ። ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ሰባት። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሎተሪ ቀን ሲደርስ ደንበኛው ሁሉ ቁጥሩን የሚነግረው ለሱ ነው። ሃምሳ ሰው የያዘውን ቁጥር ሳይጽፍ በቃሉ ይዞ፣ ዕጣው ሲወጣ «አንተን በአንድ ቁጥር አለፈህ» የሚል ሰው ነው። ጉድ እኮ ነው፤ ለካ ባለፉት ሳምንታትም ፈተናውን ያለፈው እንዲህ ነው።

ስሙ ሲጠራ አብሬው ገባሁ። መርማሪው አንድ ዓይኑን የሚሸፍንበትን ጥቁር መክደኛ ሰጠው። አባቴ እስኪሸፍን ድረስ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አልኩና መርማሪውን በሹክሹክታ ሰሌዳው ጀርባም ቁጥር አለው ወይ አልኩት። ሰውየው አየኝ። ከዚያ አባቴን አየው፤ ቀስ ብሎ ሰሌዳውን ከችንካሩ አንስቶ ገለበጠና መልሶ ሰቀለው። ዱላውን የላይኛው መስመር ላይ አደረገ።

«ዘጠኝ፣ ሁለት» አለ አባቴ። ሰሌዳው ላይ ያለው አራትና ሰባት ነው። «ስድስት፣ ሰባት፣ ሦስት። አምስት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ።» ጠርቶ የሚሰማ፣ ኩሩ ድምፅ ነበር። መስመር በመስመር እየወረደ፣ የሌለውን ቁጥር ሁሉ፣ አንዱንም ሳይስት እስከ ታች ድረስ ወጣው። ሲጨርስ ማንም አልተናገረም። መርማሪው ዱላውን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። አባቴ ዝምታውን አዳመጠ። መክደኛውን ከዓይኑ አወረደና እኔ ወዳለሁበት ዞሮ «ሳና» አለኝ፣ በቀስታ።

ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ። ሃያ ስምንት ቀን ያልሮጠ ሰው ሁሉ ሮጠ። ከታች ፎቅ የዓይን ሐኪም ተጠርታ በትንሽ መብራት አየችው፤ ከዓይኑ መጋረጃ ሥር ውሃ ቋጥሯል አለች። ዶክተር ፓኮርን መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ነጭ ሆኗል። ኪኒኑ ለሁለት ሳምንት ይቆማል፣ ውሃው ሲደርቅ በሁለት ኪኒን ይቀጥላል አሉት። አባቴ የሰማውን አላመነም። «አልባረርም?» አላቸው።

«ማን ይባረራሉ አለዎት አጎቴ? የፈረሙበት ወረቀት ላይ አለ እኮ፤ አሥራ አንደኛው ገጽ።»

«ታክሲ ነጂውስ?»

«እሳቸው የወጡት ካንሰሩ ስላደገባቸው ነው። በጥፍራቸው አይደለም።»

ሃያ ሦስት ገጽ ነበር ያ ወረቀት። የፈረመ ዕለት ሲስተር ኦራታይ በጣቷ እያሳየች «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ነበር ያለችው፤ አሥራ አንደኛውን ገጽ ማን አነበበለት? ዶክተሩንም ቢሆን አልምራቸውም። በየሳምንቱ ከበሩ ላይ ቆመው «ደህና ነዎት?» ይላሉ፣ እሱ «ደህና ነኝ» ይላል፣ እጅ ይነሳሳሉ፣ ያልፋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መልካም። ግን ሳይደብቅ እንዲናገር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጠየቅ አልነበረበትም? ይህንኑ ነገርኳቸው። እንደ ሰካራም ነው የጮህኩት። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። ሲስተር ኦራታይ ግን ስንወጣ በሩ ላይ ደብተሩን ለአባቴ እየመለሰችለት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ይጻፉ» አለችው። «ያለፈውን አትነካኩት፣ ወረቀቱ ይበላሻል።» ይኸው ነው እንግዲህ፤ የሷ ጭንቀት ለወረቀቱ ነው።

አራተኛው ደረጃ አልተከፈተም። ቶንግባይን ቤትሽ ሂጂ፣ እንደውልልሻለን አሏት። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ ቅርጫቷን እንደታቀፈች ቆማ ነበር። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፣ ሞኝነት ነው። «መቼ እንደሚጠሩኝ አልነገሩኝም» አለችኝ። «እኔ ሁለት ወር ነው ያለኝ። አንቺ አባትሽ ሲወስዱ ቆይተዋል፤ እኔ ገና ልወስድ ነበር።» ዓይንሽን ላድን ብዬ ነው ልላት አሰብኩ፣ አፌ ውስጥ ቀረ። ወደ አባቴ ዞረች። እሱ ድምጿ ወደመጣበት ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ግንባሩ ድረስ አንስቶ ጎንበስ አለላት፤ ለመነኩሴ እንጂ ለልብስ ሰፊ የማይደረግ እጅ መንሳት ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እሷም በልማድ መልሳ እጅ ነሳችውና ሊፍቱ ገባች።

ወደ ቤት ስንመለስ ቅያሱ መግቢያ ላይ የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ በስልሳ ባህት ገዛሁ፤ ተከትሎኝ ደረጃውን ወጣ፣ ምግቡን ከፊቱ አደረግኩለት፣ ዓሣውን እሾሁን አውጥቼ ሰጠሁት፣ በላ። ከታች አንድ ደንበኛ «ቡንቶም አለህ?» ብሎ ተጣራ፤ መልስ ሲያጣ ሄደ። በመስኮቱ ገና ብርሃን ይገባ ነበር። አባቴ እጁን ታጠበ፣ በፎጣው አደረቀ፣ ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ወደኔ ገፋው።

«እስክሪብቶ ያዢ» አለኝ። «ከስምንተኛው ቀን ጀምሪ።»

«ያለፈውን አትነካኩት ብላለች።»

«ፀጉሩ ተበላሽቶ የተቆረጠ ሰው መስታወት እንዳያይ አይከለከልም። ጀምሪ።»

ስምንተኛውን ገጽ ገልጬ «ምንም የለም» የሚለው ላይ መስመር አሰመርኩበት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሎተሪ ቁጥሮቹ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ቀን በቃሉ አወጣው። በስምንተኛው ቀን የግድግዳው ሰዓት ደበዘዘ። በአሥራ አንደኛው አፉ ደርቆ ሩዙ አልወርድ አለ። በአሥራ አምስተኛው የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ተነሳ፤ ሲስተር አየችው፣ ምንም አላለችም፤ ይህንንም ጻፊው አለኝ። በሃያ አንደኛው ቀን የሰው ጆሮ ቆረጠ። አንዳንዱ ቀን አራቱ መስመር አልበቃ ብሎ ኅዳጉ ላይ ወጣሁ። ሃያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ብርሃኑ እየሸሸ ነበር። ውሃው እንደፈሰሰ፣ ቁጥሩን ከሰው ሰምቶ እንዳነበበ ጻፍኩ። አበቃ ብዬ የእስክሪብቶውን ክዳን ልገጥም ስል እጄን ያዘኝ።

«ለአንዲት ልብስ ሰፊ፣ እንደ ከረሜላ ነው ብዬ ዋሸኋት» አለ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ በሽታ አይደለም። ቦታው አይደለም።»

«ምን ይላል ከላይ? አንብቢልኝ።»

«ያመመዎት ነገር ካለ ይጻፉ፣ ይላል።»

«እንግዲያው ጻፊዋ» አለኝ።

ጻፍኩት።